የባለቤት ስም (ካለ)

ቅጹ ወደ ጎንደር ከተላከ ስድስተኛ ቀኑ ነበር። የብርጓል የካርቦን ቅጂውን ከመሳቢያ ያወጣችው ለሌላ አልነበረም፤ የተላከ ወረቀት ሁሉ መንገድ ላይ ይጠፋል ብላ ስለምታምን፣ ቢያንስ ቅጂው በቦታው መኖሩን በየቀኑ ታረጋግጥ ነበር። ሌላ ቀን አየት አድርጋ ትመልሰው ነበር። ያን ረቡዕ ግን ከሥራ እንደገባች፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ በቅንፍ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ቃል አየች።

«የባለቤት ስም (ካለ)» ይላል።

ካለ? ባለቤት የሌለው ቤት አለ እንዴ? የቀበሌም ሆነ የግል፣ ቤት ሁሉ በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ ነው የሚኖረው። «ካለ» ምን የሚሉት አጠያየቅ ነው? እንዲህ እያለች፣ ጣቷ መስመሩ ላይ እንደቆመ፣ ድንገት ገባት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ቅጹ የጠየቀው የቤቱን ባለቤት አልነበረም። የልጇን ባለቤት ነው። ባሏን።

መልሱ ደግሞ፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን ሁሉ በሚያደንቁት በራሷ ጽሕፈት ቁልጭ ብሎ ሰፍሯል፦ «ወ/ሮ የብርጓል ሀብተ ሥላሴ»። ከሥሩ «የባለቤት የሥራ ቦታ» ለሚለው «ባሕር ዳር» ተብሏል።

የብርጓል እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረች፣ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች ሴት ናት። የስንቱን ማመልከቻ ጽፋ፣ የስንቱን ቅጽ ሞልታ፣ «አንቺ የጻፍሽው አይመለስም» ተብላ ስትመረቅ ኖራ፣ በገዛ ልጇ ቅጽ ላይ ተሳሳተች። ለነገሩ የቀበሌ ወረቀት የለመደ ሰው አይፈረድበትም። ከላይ «ቋሚ አድራሻ»፣ ቀጥሎ «ቀበሌ»፣ ቀጥሎ «የቤት ቁጥር» ብሎ ብሎ «የባለቤት ስም» ሲል፣ እጅ ዝም ብሎ የቤቱን ኃላፊ ስም ይጽፋል። ቋሚ አድራሻ ተብሎ የተሞላው ደግሞ የእሷ የራሷ የባሕር ዳር የቀበሌ ቤት ነው።

ልጇ ፅጌ ማርያም ከዚያ ቤት ከወጣች ግን ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ጎንደር ክፍለ ሀገር ሐሙሲት ላይ የሚያስተምረውን ተክለ ጊዮርጊስን አግብታ፣ እዚያው ከእሱ ጋር ነው የምትኖረው። ወረቀቷ ብቻ አልወጣም። መታወቂያዋ የእናቷ ቀበሌ ነው፤ ደብዳቤዋ የሚመጣው በእናቷ ትምህርት ቤት የፖስታ ሣጥን ነው፤ የጤና ረዳትነት ምስክር ወረቀቷ ያለው እናቷ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። «ሐሙሲት ደብዳቤ ይጠፋል፣ አድራሻዬ እዚያው ይሁን» ያለችው መጀመሪያ ራሷ ፅጌ ነበረች። የብርጓልም አልተቃወመችም። ቅጹም የመጣው በዚያው አድራሻ ነው። ፅጌ ለግማሽ ቀን ብቅ ባለች ጊዜ ግርጌው ላይ ፈርማ፣ «እማዬ፣ ያንቺ ጽሕፈት ያምራል፣ አንቺ ሙይልኝ፤ መኪና ሊያመልጠኝ ነው» ብላ ሮጠች።

ነገሩ የምደባ ቅጽ ነበር። ጎንደር ያለው መሥሪያ ቤት አዲስ የተመረቁትን ጤና ረዳቶች የሚመድበው በዚያ ነው። ባል ወይም ሚስት በክፍለ ሀገሩ ውስጥ ያላቸው ወደ ትዳራቸው ይጠጋሉ፤ የሌላቸው ሰው ወደጎደለበት ይሄዳሉ። ዘንድሮ ሰው የጎደለው ደልጊ ነው፣ ከሐይቁ ማዶ። ምደባው የፊታችን ረቡዕ ይለጠፋል።

የብርጓል ዓይኗን ጨፍና ቅጹን የሚያነበውን ሰውዬ አየችው። መነጽር አለው። «የባለቤት ስም፣ ወይዘሮ?» ይልና ይሥቃል፤ ባል የላትም ማለት ነው ብሎ «ደልጊ» ብሎ ይጽፋል። ወይም አይሥቅም፤ ባሏ ባሕር ዳር ነው፣ ባሕር ዳር ጎጃም ነው፣ እኛን አይመለከትም ብሎ «ደልጊ» ብሎ ይጽፋል። በየትም ብትዞር መድረሻው ያው ነው። ከዚያ መርከቡ፣ ከዚያ ነፋሱ፣ ከዚያ ወባው፣ ከዚያ ልጅቱ ለብቻዋ የምታድርበት የጭቃ ቤት፣ ከዚያ ሐሙሲት ላይ ለብቻው የቀረው ባል... ይህችን አልጨረሰቻትም። ተነሥታ የጎረቤቷን የዘይነትን በር አንኳኳች።

ዘይነት አቡጀዲና ሻሽ ነጋዴ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ሐሙሲት ገበያ ትወጣለች። ነገሩን እስከ መጨረሻው ድረስ በትዕግሥት አዳመጠችና ሣቋን ለቀቀችው።

«እና አሁን የፅጌ ባል አንቺ ነሽ?»

«አትሣቂ ዘይነት።»

«ኧረ ጥሎሹን ልጠይቅሽ ነው። ጥሎሽ ሳታመጪ ነው የወሰድሻት?»

«በናትሽ ተይኝ። ልጄ ደልጊ ልትመደብ ነው።»

«ደልጊ ሰው አይኖርም? አክስቴ አርባ ዓመት ኖራበታለች።»

«ሞተች አይደል?»

«በሰማንያ ዓመቷ! በሰማንያ ዓመቱ ሰው ባሕር ዳርም ይሞታል።» ዘይነት ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «አንቺ እኮ ልጅሽን ድረሽ፣ ወረቀቷን እቤትሽ አስቀረሽ። ስንት ጊዜ ነገርሁሽ?»

የብርጓል ወደ መጣችበት ጉዳይ ተመለሰች። «ነገ ስትሄጂ ዓርብ በጧት ነዪ በያት። መታወቂያዋን ትያዝ።»

«እናትሽ በአስቸኳይ ትፈልግሻለች ልበላት?»

«እንዲያ ካልሽማ ሞቼ ነው የሚመስላት።»

«እሺ፣ እናትሽ ደህና ናት፣ ግን ትፈልግሻለች።»

«ደህና ናት ካልሽማ የባሰ! መርዶ የሚያረዳ ሰው አይደል መጀመሪያ ደህና ናት የሚለው?»

«ታዲያ ምን ልበላት፣ አንቺ ሴትዮ?»

የብርጓል አሰበች። «እናትሽ ጥፋት አጥፍታለች በያት። የሚያጠፋው በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

ሐሙስ ጧት የሁለት ሰዓት ፈቃድ ጠይቃ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ሙሔ ራሰ በራ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ማንንም አይቆጣም፣ ለማንም አይቸኩልም።

«አዲስ ቅጽ መሙላቱ ቀላል ነው» አላት። «ግን ባለትዳር ነኝ፣ የምኖረው ሐሙሲት ነው ብላ ስትጽፍ ማስረጃ ይሏታል። ማስረጃውን የሚሰጣት የሐሙሲት ቀበሌ ነው። የሐሙሲት ቀበሌ ደግሞ ነዋሪዬ ናት የሚላት ከእኛ መሸኛ ስታመጣ ነው።»

«መሸኛውን እኔ ልውሰድላት?»

«ራሷ መምጣት አለባት። መታወቂያዋን መልሳ፣ ፈርማ፣ ከመዝገብ ትሰረዛለች።»

«ትሰረዛለች» አለች የብርጓል።

«አነጋገሩ ነው እንጂ ምንም አትሆንም።» ሙሔ ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ሌላ ነገር ግን አለ፣ ወይዘሮ የብርጓል። በቤቱ የተመዘገባችሁ ሁለት ናችሁ። እሷ ስትወጣ አንድ ይሆናሉ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው።»

«ነው።»

«ለአንድ ሰው ሁለት ክፍል አይፈቀድም። ደባል ይገባል።»

ይህን እንደሚል ታውቅ ነበር። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ስትፈራው የቆየችው ነገር ነው። «ምን ዓይነት ሰው?» አለች።

«ቤት የጠየቀ ሰው።»

«የሚጠጣ ቢሆንስ? ምድጃ ላይ እሳት ትቶ የሚተኛ ቢሆንስ?»

ሙሔ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ደብተር አወጣና ጣቱን በስሞቹ ላይ አስኬደ። «ተራው የደረሰው የሺመቤት ነው። የልብስ ስፌት ሠራተኛ። ዓመት ከመንፈቅ ጠብቃለች።»

«ሴት ናት?»

«ስሟ የሺመቤት ነው፣ ወይዘሮ የብርጓል። ምን ልትሆን ኖሯል?»

ወደ ሥራዋ የተመለሰችው በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ነው። መሸኛ የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ልጇን ሸኝታት የለም እንዴ? ያን ቀን እስከ መኪናው ድረስ እልል እያለች፣ እግሯ እየተሳሰረ፣ ሣጥኗን ራሷ አሸክማ ነው የሸኘቻት። እና ያ ሁሉ ለካ አልተቆጠረም። በመዝገቡ ላይ ፅጌ እስከ ዛሬ እናቷ ቤት ነው የምታድረው። ኅብረት ሱቅ ስኳር ሲታደል «ስንት ናችሁ?» ሲሏት «ሁለት» ትላለች፤ ማታ ለብቻዋ ሻይ ስታፈላ ያ «ሁለት» ያለችው ቃል አብሯት ይቀመጥ ነበር።

ከማዶ የሚመጣው መርከብ ዳር ይዞ ሰው ያወርድ ነበር። አንዲት ሴት ልጇን በእጇ፣ ዶሮ በብብቷ ይዛ ወረደች። የብርጓል ቆመች። ሐሳቡ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ፅጌ ደልጊ ብትመደብ ወደ ሐሙሲት የሚያወጣት መንገድ በዚህ ነው። በዚሁ መርከብ ትመጣለች፣ አዳሯ ባሕር ዳር ነው፣ በማግሥቱ ነው መኪና የምትይዘው። ስትመለስም እንዲሁ። በወር አንዴ፣ ምናልባትም ሁለቴ፣ እዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ታድራለች። ስሟም አይሰረዝም፤ ክፍሏም አይነካም። ለዚህ ሁሉ ከየብርጓል የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝም ማለት። ስሕተት ነው፣ አላየሁትም ማለት።

ክፉ ክፉውን ማሰብ ለለመደች ሴት ይህ የመጀመሪያው ደስ የሚል ሐሳብ ነበር፤ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያስፈራትም እሱ ነው። ለደቂቃ ያህል እዚያው ቆማ አጣጣመችው። ከዚያ ዘይነት አሁን ሐሙሲት ገበያ መሐል ቆማ መልእክቷን እያደረሰች መሆኑ ትዝ አላት፤ አፈረችም፣ ቀለል አላትም። ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ፅጌ ደረሰች። ከበሩ ሳታልፍ ነው የጀመረችው።

«ምንድን ነው ያጠፋሽው? ዘይነት ሣቋ አላስነግር ብሏት ‹እናትሽ ጥፋተኛ ናት› ብቻ ብላኝ ሄደች። ተክልዬ የሰው ከብት ገጭታ ይሆናል አለ።»

«በምን ልገጭ?»

«እኔም እንዲያ አልሁት።»

የብርጓል ልጇን ሁለቴ ሳመቻት፣ ከሳሽ አለቻት፣ ከዚያ ቅጂውን ሰጠቻት። ፅጌ ቆማ አነበበች። ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ አፏን በእጇ ያዘች።

«እማዬ! አንቺን አገባሁ?»

«ሣቂ እንግዲህ።»

«ተክልዬን ምን ልበለው? ወይዘሮ የብርጓል ቀድማሃለች ልበለው? ወይኔ፣ ስሙን እንኳ ሳይጠሩት ተፋታ!» እየሣቀች ወደ ታች ወረደች። ስምንተኛው መስመር ላይ ሣቋ ቆመ። «ባሕር ዳር» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ደግሞ፣ «ደልጊ።»

በግድግዳው ማዶ ዘይነት ጨርቅ ስታራግፍ ይሰማል።

«አንቺ እኮ መዝገብ ቤት ነሽ» አለች ፅጌ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ። «የስንቱን ቅጽ ሞልተሻል። አንድ ቀን እንኳ ተሳስተሽ አታውቂም።»

«ተሳሳትሁ።»

«ሆን ብለሽ ነው?»

የብርጓል በዕድሜዋ ሙሉ ለሁሉም መከራ ተዘጋጅታ ነው የኖረችው፤ ለእሳት፣ ለበሽታ፣ ለመርዶ። ለዚህች ጥያቄ ግን አልተዘጋጀችም።

«አይደለም» አለች። «ባለቤት ሲል እኔን መሰለኝ።»

ፅጌ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ እጆቿን ጭኖቿ መሐል ሸጉጣ፣ ርእሰ መምህሩ ፊት እንደቀረበች ተማሪ ተቀምጣለች።

«ልንገርሽ» አለች የብርጓል። «መቼም ሳልነግርሽ ከቀረሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስጽፈው አላወቅሁም፣ በማርያም። ትናንት ግን መርከቡ ዳር ሲይዝ አየሁና፣ ዝም ብዬ ልተወው ይሆን ብዬ አሰብሁ። ደልጊ ብትመደቢ ስትመላለሺ እዚህ ታድሪ ነበር ብዬ። አሰብሁ እንጂ አላደረግሁትም።»

«መርከብ ትፈሪ የለ?»

«እፈራለሁ እንጂ። እየፈራሁ ነው ያሰብሁት።»

ፅጌ ወረቀቱን አጠፈችውና አጠገቧ ተቀመጠች። «እኔም ወረቀቴን ያላወጣሁት ደብዳቤ ይጠፋል ብዬ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እንጃ። አድራሻሽ የት ነው ሲሉኝ የዚህን ቤት ቁጥር መጥራት ደስ ይለኝ ነበር። ሐሙሲት እንግድነት ላይ ያለሁ ነበር የሚመስለኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ» አለችና ፅጌ በክርኗ ነካ አደረገቻት፣ «ካንቺ ጋር ለመፋታት ወረፋ ልንይዝ ነው። ተነሺ።»

የብርጓል መንገድ ላይ ስለ ደባሉ ነገረቻት። ፅጌ ሦስቴ «የኔ ክፍል?» ብላ ጠየቀች፤ ሦስቴም «አዎ» ተባለች፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ አልተነሣም።

ሙሔ መዝገቡን ከፍቶ የቤታቸው ቁጥር ያለበትን ገጽ አወጣ። የብርጓል ይህን ገጽ አይታው አታውቅም። በቁጥራቸው ሥር ሦስት ስም አለ። የመጀመሪያው የባሏ የገብረ መስቀል ነው፤ የሞተር ጀልባ መካኒክ ነበር፣ ከአራት ዓመት በፊት በጉበት በሽታ ያረፈ። ስሙ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፤ «ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር «ሟች» ይላል። ቀጥሎ የእሷ፣ ቀጥሎ የፅጌ። ሙሔ ማስመሪያውን ሦስተኛው ስም ላይ አጋድሞ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣ።

«ይቆዩ!» አለች የብርጓል። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ፤ ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞሩ።

«ምነው?»

«በቀይ አይሆንም።»

«መሰረዣው ቀይ ነው፣ ወይዘሮ የብርጓል።»

«አባቷም በቀይ ነው። ነገ እርስዎ ይቀየራሉ፣ ሌላ ጸሐፊ ይመጣል፣ ገጹን ሲገልጥ ሁለት ቀይ ያያል። ሁለቱም ሞተዋል ይላል። ከሐሙሲት ስለ እሷ ሲጠይቁት ሟች ናት ብሎ ይመልስላቸዋል። ከዚያ ልጄ በቁሟ ሞት ተጽፎባት፣ ደመወዝ ሲከለክሏት፣ አለሁ ብላ ብትጮህ ማን ይሰማታል?»

«እማዬ» አለች ፅጌ በሹክሹክታ።

«እውነቷን ነው» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው ተደግፈው። «እኔን አምና ሟች ብለውኝ ሁለት ወር ስኳር አጥቻለሁ። ቆሜ ያዩኛል፣ መዝገቡ ሞተሃል ይላል ይሉኛል።»

ወረፋው ሣቀ። ሙሔ ግን አልሣቀም፤ እሱ ራሱ የጻፈው ሊሆን ይችላል። ቀዩን እስክሪብቶ ወደ ቦታው መለሰ። የብርጓል ከቦርሳዋ የራሷን ሰማያዊ አውጥታ አቀበለችው፤ በፅጌ ስም ላይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር አሰመረ።

«ምክንያቱን» አለች፣ «እኔ ልጻፈው? እባክዎን።»

ሙሔ ወረፋውን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረው። የብርጓል ጎንበስ አለች። በገጹ ላይ ከላይ እስከ ታች፣ በየቤቱ፣ «ሟች»፣ «ለቋል»፣ «ዘምቷል»፣ «ሟች» ይላል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያሳመረች፣ «ተሸኝታለች» ብላ ጻፈች። ፅጌ ከጎኑ ፈረመችና መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

መሸኛው ተጽፎ ያለቀው ገና ከምሳ በፊት ነው። ማኅተሙ ግን በሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ስብሰባ ላይ። የብርጓል ስብሰባው ሦስት ቀን ይፈጃል አለች። ፅጌ አሁን ያልቃል አለች። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ቆሎ ቆረጠሙ፤ ስለ ተክለ ጊዮርጊስ አዲስ ጫማ፣ ስለ ሐሙሲት ውኃ፣ ፅጌ በዚህ ወር ማስታወክ ስለ ጀመራትና ለማንም እንዳትናገር ስለተባለው ነገር አወሩ። ይህን የመጨረሻውን የብርጓል በሰማች ጊዜ ለረጅም ሰዓት ስለ ምንም ነገር መጨነቅ አልቻለችም፤ ከዚያ ግን ስለ ሁሉም ጀመረች። አሥር ሰዓት ላይ የሐሙሲት የመጨረሻው መኪና ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሊቀመንበሩ መጣና ማኅተሙን እፍ ብሎ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው።

«ነገ ጧት ሐሙሲት ታስመዘግቢያለሽ፣ ሰኞ ጎንደር ትደርሻለሽ» አላት ሙሔ መሸኛውን ሲያቀብላት። «ምደባው ረቡዕ ከሆነ አላለፈሽም። ዛሬስ የት ታድሪያለሽ?»

«እቤቴ» አለች ፅጌ። ከዚያ የያዘችውን ወረቀት ተመለከተች።

«መሸኛ ይዘሻል። በዚህ ቀበሌ አሁን እንግዳ ነሽ። እንግዳ የሚያሳድር ደግሞ ሳይመሽ ያስመዘግባል።»

«የወለድኋትን?» አለች የብርጓል።

«የወለዷትን» አለ ሙሔ፤ የእንግዳ መዝገቡን ገፋ አደረገላት። ፊቱ እንደወትሮው ረጋ ያለ ነው፤ ጢሙ ሥር ግን የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

የብርጓል ለመቆጣት አሰበችና ተወችው። በደንቡ ሳያስመዘግቡ ያሳደሩ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው የሰማችው ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣባት፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። የእንግዳ ተቀባይ ስም፦ የብርጓል ሀብተ ሥላሴ። የእንግዳ ስም፦ ፅጌ ማርያም ገብረ መስቀል። የመጣችበት ቦታ፦ ሐሙሲት። ዝምድና፦ ልጅ። «የመጣችበት ጉዳይ» ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ልትፈታኝ በይ» አለች ፅጌ በጆሮዋ።

«አንቺ ልጅ፣ የመንግሥት መዝገብ ነው!»

«አጠር ይበል» አለ ሙሔ።

«እናቷን ልትጠይቅ» ብላ ጻፈች። የሚቆዩበት ጊዜ፦ አንድ ሌሊት።

ቤት ሲደርሱ ዘይነት በሯ ላይ ቆማ ነበር። «ተፋታችሁ?» አለች። ፅጌ መሸኛውን ከፍ አድርጋ አሳየቻት፤ ዘይነትም እልል ብላ የሰፈሩን ሰው አስወጣች። የጾም ቀን ስለነበር ሽሮ በልተው ሻይ ጠጡ። ከዚያ ፅጌ የክፍሏን መሳቢያ ባዶ ማድረግ ጀመረች፤ የድሮ ደብተሮች፣ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ የትምህርት ቤት ቀበቶ። የሺመቤት የምትባለው ሴት መጥታ ክፍሉ ቆሻሻ ነው እንዳትል የብርጓል ከኋላዋ እየተከተለች ግድግዳውን በጨርቅ ትወለውላለች።

«የስፌት መኪናዋን በመስኮቱ በኩል ብታደርገው ብርሃን ታገኛለች» አለች ፅጌ።

«ሌሊት ሌሊት ብትሰፋስ? በጆሮዬ ላይ ቀጭ ቀጭ ስታደርግ?»

«ያን ጊዜ ለብቻሽ አይደለሽም ማለት ነው።»

የብርጓል መወልወሏን ለአፍታ አቆመችና ቀጠለች። «ጧት መኪናው ቢሞላስ?»

«በሚቀጥለው እሄዳለሁ።»

«የሚቀጥለው ቢበላሽስ?»

«እዚሁ አድራለሁ።»

«የተመዘገብሽው ለአንድ ሌሊት ነው!»

ፅጌ የያዘችውን ደብተር ጥላ አልጋው ላይ ተዘረረች፤ ትንፋሿ እስኪያጥር ሣቀች። እናቷም መጀመሪያ ለመቆጣት ሞከረች፤ ከዚያ ጨርቁን አፏ ላይ አድርጋ አብራት ሣቀች። ሲበርድላቸው ፅጌ ጫማዋን አወለቀች፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች። የብርጓል እግሯ ሥር ብርድ ልብሱን ጠቀጠቀችላት፤ ለሆዷ ስትል ከእንግዲህ በጀርባዋ እንዳትተኛ ነገረቻት፤ ጧት የምትይዘውን ቆሎ በወረቀት ቋጠረች፤ መሸኛውን አይታ፣ አጥፋ፣ የልጇ ቦርሳ ውስጥ አስገባችው። እንደገና አውጥታ አየችው። ማኅተሙ አለ።

«እማዬ፣ በቃ» አለች ፅጌ ዓይኗን ጨፍና። «ነይ ተኚ።»

የብርጓል ወደ ውጭው በር ሄደች። ብቅ ብላ መንገዱን አየች፤ ከዘይነት መስኮት መብራት ይታያል፤ ሌላ ሰው የለም። ሰኞ ለየሺመቤት ሁለተኛ ቁልፍ ማስቀረጽ እንዳለባት ትዝ አላት። በሩን ሳብ አደረገችው፣ መቀርቀሪያውን ገፋችና ቁልፉን አዞረችው።